የትኛው ተራራ ይቅደም? የተጎዳ ተፋሰስን የማዳን ቅደም ተከተል

ክረምት ላይ ከባህር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው ሁለት ወንዞችን ሳያይ አያልፍም። ወረታ ሳይደርስ ጉማራ አለ። ወረታን አለፍ ሲል ርብ። ሐምሌ ላይ ሁለቱም ውሃ አይመስሉም፤ የተበጠበጠ ጭቃ ናቸው። አንድ ክረምት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ርብ ድልድይ አጠገብ ጎማው ተነፈሰና ወርደን ቆምን። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንዙን ትክ ብለው አዩትና «ይሄኮ ውሃ አይደለም ልጄ፣ የሰው ማሳ ነው የሚሄደው» አሉኝ።

ነገሩ ቃል በቃል እውነት ነው። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተራራ ይነሳሉ፣ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣሉ፣ ጣና ይገባሉ። ጉና ላይ ገብስ የሚዘሩት፣ ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያመርቱት፣ ጣና ላይ መረብ የሚጥሉት ሰዎች ምናልባት ተያይተው አያውቁም። ግን የአንዱ አፈር ለሌላው ደለል ሆኖ ይደርሰዋል።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው ዶማና አካፋ ይዞ ለተፋሰስ ስራ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የችግኝ ተከላው ዜና ይመጣል። የምንሰማው ስንት ሄክታር እንደለማ፣ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ነው። ብዙም የማይነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ የተጎዳ መሬት የቱ ይቅደም?

ተፋሰስ ሲባል ምን ማለት ነው?

የቆርቆሮ ጣሪያ አስቡ። ከአናቱ በዚህ በኩል የወደቀ ጠብታ ሁሉ ወደ አንድ አሸንዳ ይወርዳል። በዚያ በኩል የወደቀው ወደ ሌላው። ተፋሰስም እንደዚያ ነው። የወረደበት ዝናብ ተሰብስቦ በአንድ መውጫ የሚወጣ መሬት በሙሉ አንድ ተፋሰስ ይባላል። ሸንተረሩ የጣሪያው አናት፣ ወንዙ አሸንዳው ነው።

ትልቁ ጣሪያ በውስጡ ትናንሽ ጣሪያዎች አሉት። ኢትዮጵያ በ12 ትልልቅ ተፋሰሶች ትከፈላለች፤ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ፣ ኦሞ ጊቤ፣ ዋቢ ሸበሌ እያለ ይቀጥላል። የጣና ተፋሰስ የአባይ አካል ነው፣ የጉማራ ደግሞ የጣና። እንዲህ እየተሸነሸነ ወርዶ ወርዶ፣ የአንድ መንደር ሰው በእግሩ ዞሮ የሚጨርሰው ንዑስ ተፋሰስ ላይ ይደርሳል። የያኔው የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የማህበረሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ የስራ ክልል የሚመርጠው ከ200 እስከ 500 ሄክታር ያለውን ነው። ከዚያ ሲሰፋ ሰዉ እርስ በርስ አይተዋወቅም። ካልተዋወቀ ደግሞ «ከብትህን ከዚህ አውጣ» ለመባባል ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። ቀበሌና ወረዳን የከለለው ሰው ነው። ውሃ የቀበሌ ማህተም አያውቅም። አንዱ ተፋሰስ ለሁለት ወረዳ ሲካፈል አንዱ እርከን ይሰራል፣ ሌላው ይተዋል። ጎርፉ ካልተሰራው በኩል መጥቶ የተሰራውን ይንደዋል።

መሬት «ተጎዳ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወሎ ውስጥ ማይባር፣ ጎጃም ውስጥ አንጀኒና ሌሎች ቦታዎች ላይ የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያዎች ተቋቁመው ነበር። ከየማሳው ታጥቦ የሚሄደው አፈር እዚያ ይለካል። ከዚያ ስራ ተነስቶ ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ አንድ ግምት አወጣ። የኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ያጣል።

42 ቶን በእኛ ቋንቋ 420 ኩንታል ነው። ጤፍ በሄክታር 20 ኩንታል ከሰጠ ገበሬው አይከፋውም። 20 ኩንታል ወደ ጎተራ ሲያስገባ 420 ኩንታል አፈር በጓሮ በር ወጥቷል ማለት ነው። ውፍረቱ ሲታሰብ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ግድም ነው። በዓይን አይታይም፤ ለዚህም ነው የሚያሞኘው። በ30 ዓመት ግን ወደ ግማሽ ስንዝር ይጠጋል። የሚሄደው ደግሞ የላይኛው፣ ለሙ ነው።

አፈሩ ሲሳሳ ውሃ የመያዝ አቅሙም አብሮ ይሄዳል። ጥሩ አፈር እንደ ስፖንጅ ነው። የሐምሌን ዝናብ ይጠጣል፣ ቀስ እያለ ወደ ምንጩ ይለቃል። ስፖንጁ ከተነሳ ዝናቡ በአንድ ቀን ፎገራ ላይ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። መጋቢት ላይ ምንጩ የለም። ሴትየዋ እንስራዋን ይዛ ሌላ ሸለቆ ትወርዳለች። የክረምቱ ጎርፍና የበጋው ጥም ከአንድ ቦታ ነው የሚነሱት።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቦታ በአንዴ አይሰራም?

አይቻልማ። ኢትዮጵያ የቦን ቻሌንጅ በሚባለው ዓለም አቀፍ የመሬት ማገገሚያ ዘመቻ 15 ሚሊዮን ሄክታር መልሳ ለማልማት ቃል ገብታለች። ከጠቅላላው የሀገሪቱ ስፋት ሲሰላ 13 በመቶ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ሄክታር ድንጋይ የሚሸከም ትከሻ ይፈልጋል። ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን ይፈልጋል፣ የሳር ዘር ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል።

ያለውን ጉልበት ለሁሉም እኩል ማካፈል ፍትሃዊ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ጥቂት እርከን፣ ጥቂት ችግኝ፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ውሃ ላይ ግን ይህ አይሰራም። ግማሹ ብቻ እርከን የተሰራለት ተዳፋት ክዳኑ ግማሽ እንደሆነ ቤት ነው። በሌላው በኩል ያፈሳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይቷል። ወደ እርሻና ወደ ግጦሽ ከተለወጠው መሬት 15 በመቶውን ብቻ፣ ግን በደንብ በተመረጡ ቦታዎች ላይ መልሶ ማልማት ቢቻል፣ ይጠፋሉ ተብለው ከሚፈሩት ዝርያዎች 60 በመቶውን ማትረፍ ይቻላል ይላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የቦታው ምርጫ ነው።

በጣም የተጎዳው አይቀድምም እንዴ?

ሁላችንም መጀመሪያ የምንለው እሱን ነው። ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

ሁለት ቦረቦሮችን፣ ማለትም ጎርፍ መሬቱን ሰርስሮ የቆፈራቸውን ቦዮች፣ ጎን ለጎን አስቡ። አንደኛው ጉልበት ድረስ ነው። በሬ ይዘለዋል። አምና በዚህ ጊዜ የከብት መንገድ ነበር። ሁለተኛው ውስጡ ቤት ቢሰራ ጣሪያው አይታይም። ፎቶ የሚነሳው፣ እንግዳ የሚመጣለት፣ ሪፖርት የሚጻፍለት ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ግን አንድ መንደር በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ከላይ የሚመጣው ውሃ ይቀለበሳል። የቦረቦሩ ራስ፣ ማለትም ውሃው እየዘለለ የሚገባበትና በየክረምቱ ወደ ላይ የሚበላው ጫፍ፣ በድንጋይ ይደገፋል። ሆዱ ውስጥ በየጥቂት ሜትሩ የድንጋይ ክትር ይሰራል፣ ዳሩ ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሳር ይተከላል። አለቀ። ሁለተኛው ጋቢዮን ይፈልጋል፣ መሐንዲስ ይፈልጋል፣ ብዙ ብር ይበላል፤ ያም ሆኖ አንድ ከባድ ዝናብ ሊወስደው ይችላል። በእሱ ላይ ስንሟሟት ትንሹ እያደገ ሁለተኛ ትልቅ ይሆናል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ የምትሰራው ይህንኑ ነው። የቁስሉን ስፋት ብቻ አታይም። አሁን ቢነካ የሚድነው፣ ቢቆይ የሚብሰው ማን ነው ብላ ትመርጣለች። የተፋሰስ ባለሙያም ቢያንስ አራት ነገር ይጠይቃል። አፈሩ በምን ፍጥነት እየሄደ ነው? ቦታው ገና የሚያገግም ነው ወይስ ድንጋዩ ወጥቷል? ከስሩ ምን አለ፣ የመስኖ ግድብ ነው፣ የከተማ ውሃ ነው ወይስ ማንም የማይኖርበት ገደል? አራተኛው ላይ ብዙ ዕቅድ ይወድቃል፦ ነዋሪው ይፈልገዋል ወይ?

ሦስተኛው ጥያቄ ቅደም ተከተሉን ብዙ ጊዜ ይገለብጠዋል። የጎንደር ከተማን ውሃ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ አቅሙን ያጣ ነው። ከእንዲህ ያለ ግድብ በላይ ያለ መካከለኛ ጉዳት የደረሰበት ተዳፋት፣ ሰው ከማይደርስበት በጣም የተጎዳ ገደል ሊቀድም ይችላል።

ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚጀመረው?

የተለመደው መልስ ከላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉ ላይ ባልዲ ብንደረድር ባልዲ ስንቀይር እንኖራለን። ጣና ላይ ያየነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንቦጭ አረም ሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፣ ማሽንም መጣ። መነቀሉ ግድ ነው። አረሙ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን ጉድ ነው፣ ቢተዉት ሐይቁን ይሸፍናል። ነገር ግን ቀለቡ የሚመጣለት ከላይ ነው፤ ወንዞቹ ከማሳ ጠርገው ያመጡት አፈርና ማዳበሪያ። ጉና ካልታየ ጣና ላይ ባልዲ መቀየር ነው።

አሁን ግን ትንሽ ላወሳስበው። ከባህር ዳር ወደ አዴት ስትሄዱ ደብረ ማዊ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ተመራማሪዎች ለዓመታት ውሃና አፈር ሲለኩ ቆይተዋል። ያገኙት ነገር ከላይ ጀምሩ የሚለውን ሕግ አላላው። ዝናብ በበዛበት ደጋ፣ ክረምቱ ሲጋመስ የሸለቆው ግርጌ ውሃ ጠግቦ ይረጋል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው መግቢያ ስለሌለው ይሮጣል። የረጠበው የቦረቦር ግድግዳም በቁሙ እየተናደ ይወድቃል። ከዚያ ተፋሰስ ከሚወጣው ደለል ትልቁ ድርሻ ከተዳፋቱ ማሳ ሳይሆን ከስር ካሉት ቦረቦሮች ሆኖ ተገኘ። ተራራውን በእርከን ብናጥረው እንኳ ግርጌው ብቻውን ይቀጥላል።

በደረቁ ሰሜንና በምስራቅ ያለው ሌላ ነው። ዝናቡ አጭርና ኃይለኛ ነው፣ ገላጣው ተዳፋት ራሱ ነው ጎርፉን የሚያመጣው። ስለዚህ ትግራይ ላይ የሰራውን ቀድቶ ጎጃም ላይ መለጠፍ አይሆንም። ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የእርከን ኮታ የሚያወርድ ዕቅድ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

ካርታው ብቻውን አይበቃም?

ዛሬ የቢሮ ሰው ከሳተላይት ምስል ተነስቶ የአንድን ተፋሰስ የጉዳት ካርታ ማውጣት ይችላል። ብዙዎቹ ካርታዎች አንድ ቀመር ይጠቀማሉ። አምስት ነገሮችን ያባዛል፦ የዝናቡን ኃይል፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የተዳፋቱን ርዝመትና ቁልቁለት፣ የመሬቱን ሽፋን፣ የተሰራውን ጥበቃ። ውጤቱ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቀይ የሆነው ይቅደም ይባላል።

ካርታው ይጠቅማል። ግን ቀመሩ የሚያሰላው በማሳው ፊት ላይ የሚታጠበውን አፈር ነው። ቦረቦርን አይቆጥርም! ደብረ ማዊ ላይ ዋናው ችግር የነበረውን ማለት ነው። ሌላም አያይም። ቀይ የሆነው ኮረብታ የመንደሩ ብቸኛ ግጦሽ መሆኑን አያውቅም። በይዞታ ክርክር ፍርድ ቤት ያለ መሬት መሆኑንም አያውቅም። ይህንን የሚያውቀው የቀበሌው የልማት ሰራተኛ ነው። ከእሱ ይልቅ ደግሞ እረኛው።

መልሶ ማልማት ማለት ችግኝ መትከል አይደለም?

ችግኝ አንዱ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግስት ካስታወቀ ወዲህ የሁላችንም ዓይን የተከላ ቁጥር ላይ ነው። ለቦታው ግን ተተከለና ጸደቀ ይለያያሉ። ተማሪ ሆነን የተከልንበት አንድ ኮረብታ ላይ በዓመቱ ስመለስ የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነበር። ፍየል ጨርሶታል።

ብዙ ጊዜ ርካሹ መንገድ መሬቱን ማሳረፍ ነው። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ማድረግ ይሉታል። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ በአብዛኛው ያገገመው በዚህ መንገድ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ከመሬት በታች በሕይወት ነበር። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ይጋጣል፣ ይቆረጣል። ነዋሪዎቹ በማህበር ተደራጅተው ከቡቃያው ጠንካራውን እየመረጡ፣ ሌላውን እየገረዙ፣ ከብት እየከለከሉ ደኑን አስነሱት። ወርልድ ቪዥን ያገዘው ይህ ስራ እ.ኤ.አ. በ2009 ዛፎች ከአየር ለሚይዙት ካርቦን ክፍያ በሚያስገኘው የተባበሩት መንግስታት መርሃ ግብር ተመዝግቦ ገቢም አምጥቷል።

ይህ ለቅደም ተከተሉ አዲስ መለኪያ ይጨምራል፤ ጉቶ ወይም የዘር ምንጭ የቀረበት ቦታ ይቅደም። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ሰው ቡናማ ማሳ መሃል አረንጓዴ ነጠብጣብ ያያል። የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው ተሰብስቦ የቀረው እዚያ ነው። ወፍ ከዚያ ፍሬ በልቶ አጠገቡ ያለ ኮረብታ ላይ ይጥላል። እዚያ ኮረብታ ላይ ከብት ከተከለከለ ደኑ ራሱ እየተስፋፋ ይመጣል። የአገር ዛፍ ዘር ከሩቅ አምጥቶ ማፍላት ግን ዋጋው የትየለሌ ነው።

የተሳሳተ ዛፍ ደግሞ ካለመትከል ይብሳል። አፋር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አፈር እንዲይዝ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባል እሾሃማ የውጭ ዛፍ ዛሬ የአዋሽን ዳርቻ ግጦሽ ወርሶታል። ከብቱ ፍሬውን በልቶ በሄደበት ይዘራዋል። ሳር ሊሆን የሚገባውን ቦታ ደን ለማድረግ መሞከርም ያው ስህተት ነው።

ከላይ ያለው ገበሬ ምን ያገኛል?

የነገሩ ክርክር ያለው እዚህ ነው። ተራራው ሲከለል ግጦሽ የሚያጣው የላይኛው ነው። ጎርፍ የሚቀንስለት የታችኛው። ጥቅሙ ድንበርም ይሻገራል። ሱዳን ውስጥ አባይ ላይ የተሰራው የሮዛሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1966 ወዲህ ከሲሶ በላይ አቅሙ ከእኛ ደጋ በወረደ ደለል ተሞልቶ፣ በ2013 ግድቡን ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። አሁን ያ ደለል መጀመሪያ የሚያገኘው የህዳሴ ግድብን ነው።

የሚሰራው ስምምነት ለላይኛው ቶሎ የሚደርስ ነገር የሚያስቀምጥ ነው። ከተከለለው ቦታ ሳር አጭዶ መውሰድ። ለወጣት ማህበር የንብ ቀፎ። በሴፍቲኔት ለታቀፈ ቤተሰብ ለስራው እህል ወይም ብር። ሳሩ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ክረምት ይደርሳል፣ ሰውን አሳምኖ የሚያቆየውም እሱ ነው። ዛፉ ለልጆቹ ነው። ምንጩ ደግሞ እንደየቦታው ዓመታት ይወስዳል።

እውነት ይሰራል?

ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ነገር አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲያልፉ የተነሱ ፎቶዎችን ይዘው እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና አነሱ። ብዙዎቹ ቦታዎች ካለፈው ዘመን ይልቅ አሁን ዛፍ በዝቶባቸው ተገኙ። ድሮ ሁሉ ደን ነበር የሚለው ወሬያችንም በዚያው ተፈተነ። ውቅሮ አጠገብ ያለው አብርሃ ወ አጽብሃ ደግሞ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ሊሰፍር ይታሰብ የነበረ ደረቅ ቀበሌ ነው። ተራራው ተከለለ፣ ጎርፉ ወደ መሬት እንዲሰርግ ተደረገ፣ በጥልቀት ሳይቆፈር ውሃ የሚያገኙ የእጅ ጉድጓዶች በዙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግስታት የልማት ፕሮግራም ለማህበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል።

የእነዚህ ቦታዎች ስራ በአንድ ዘመቻ አላለቀም። እርከን በየዓመቱ ይጠገናል። የአንድ ክንድ ያህል ቦታ ከተናደ ከኋላው የተከማቸው ውሃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፣ እርከን ካልነበረበት ማሳ ይልቅ አጥብቆ ይሸረሽራል፣ አዲስ ቦረቦርም ይከፍታል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁት መንደሮች ጥር ላይ ለአዲሱ ከመውጣታቸው በፊት የአምናውን ዞረው ያያሉ።